ጦስኙን በምን ቀቀላችሁት?

ጥያቄውን የጠየቁኝ ጦስኙን የሸጡልኝ እናት ናቸው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ ዳር ነው የሚሸጡት። ለማስተርስ ጥናቴ የሚሆነውን ቅጠል የወሰድኩት ከእሳቸው ነበር። የላብራቶሪው ሥራ ሲጋመስና የመጀመሪያው ውጤት እጄ ሲገባ ልነግራቸው ተመልሼ ሄድኩ። እንድሄድ ያዘዘኝ የለም። ግን ቅጠሉንም አጠቃቀሙንም ያሳየኝ ሰው ነገሩ የት እንደደረሰ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳየኋቸው። ክብ የላብራቶሪ ሳህን ነው። ባክቴሪያው ላዩን ሸፍኖታል። መሃሉ ላይ በጦስኝ ጭማቂ የተነከረች ትንሽ ክብ ወረቀት አለች። በወረቀቷ ዙሪያ ደግሞ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። «ይኼ ቀለበት ጦስኙ ባክቴሪያውን ያስቆመበት ነው» አልኳቸው። ስልኩን ተቀብለው አስጠግተው አዩት። ደስ አላቸው። ከዚያ ጠየቁኝ።

«በምን ቀቀላችሁት?»

«አልቀቀልነውም እማማ። ሜታኖል የሚባል አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈን ነው ያወጣነው።»

«ይጠጣል እሱ?»

«አይጠጣም። መርዝ ነው። በኋላ አትንነን እናስወጣዋለን።»

«እንግዲያው የኔን አልሞከራችሁትማ፣ ልጄ።»

በቁጣ አይደለም ያሉት። ስልኬን መለሱልኝና ሌላ ገዢ ሊያስተናግዱ ዞሩ። እኔ ግን አዲስ አበባ እስክገባ ድረስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። አሁንም የባህል መድኃኒት ላይ የተሠራ ጥናት ባነበብኩ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው የዚያን ጥያቄ መልስ ነው።

የእኛ አሠራርና የእሳቸው አሠራር

ላብራቶሪ ውስጥ የምንሠራው እንዲህ ነው። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል። ናሙናው አራት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ተክሎች ማኅደር፣ ይሄድና ማንነቱ ይረጋገጣል። ይህ በጣም አስፈላጊ ነው። ጦስኝ የምንላቸው ሁለት ዝርያዎች አሉ፤ ቲመስ ሺምፐሪ እና ቲመስ ሰሩላተስ። ሁለቱም የደጋችን ብርቅዬዎች ናቸው፤ ገበያ ላይ ግን ስማቸው አንድ ነው። ከዚያ ቅጠሉ ይፈጫል፤ ለሦስት ቀን ያህል ሜታኖል ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ይጠለላል። ሜታኖሉ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት በማትነኛ ማሽን ይወጣል። የሚቀረው ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው። የምንፈትነው እሱን ነው።

የእሳቸው ሌላ ነው። ውሃ ይፈላል። ድስቱ ይወርዳል። ጦስኙ ይጨመራል። ወዲያው ይከደናል። ትንሽ ይቆይና ይቀዳል። ለሳል ከሆነ ማር ይገባበታል። ጉንፋን ሲበረታ ደግሞ እንፋሎቱን ነጠላ ተከናንበው ይታጠኑታል። ይህን ሁሉ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ነግረውኝ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ጥናቴ ውስጥ ግን የገባው መግቢያው ላይ ነው፤ «ኅብረተሰቡ ለሳል፣ ለጉንፋን፣ ለግፊትና ለስኳር ይጠቀምበታል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ድስቱም ክዳኑም ቀርተዋል። በዘርፉ የተለመደው አጻጻፍ ይኸው ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎችን ከፍታችሁ ብታዩ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ታገኙታላችሁ።

ክዳኑ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ያንን የጦስኝ ሽታ የሚሰጡት ካርቫክሮልና ቲሞል የሚባሉ የዘይቱ ክፍሎች ናቸው። ባክቴሪያን በማስቆም የታወቁትም እነሱ ናቸው። የባክቴሪያውን ሽፋን ያፈርሱታል። ቲሞል ሊስተሪን በሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ ውስጥም አለ። እነዚህ ነገሮች ከውሃ እንፋሎት ጋር አብረው ይወጣሉ። የጦስኝ ዘይት የሚወጣውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ቅጠሉን ከውሃ ጋር አፍልቶ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ፣ ጠብታውን መሰብሰብ። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ድስቱን ክፍት አድርጎ ማንተክተክ ማለት ዘይቱን ለቤቱ አየር መስጠት ነው። መክደን ደግሞ ከክዳኑ ላይ የሚንጠባጠበውን ወደ ድስቱ መመለስ ነው። እኒያ እናት ይህንን በኬሚስትሪ ቋንቋ አልነገሩኝም። «ሽታው ከወጣ ምን ቀረው?» ነው ያሉኝ።

እኛ በተቃራኒው ቅጠሉን አድርቀንና ፈጭተን፣ ከዚያም በማሽን አትንነን፣ የዘይቱን የተወሰነ ክፍል አጥተናል። በሌላ በኩል ሜታኖል ውሃ የማያወጣቸውን ብዙ ነገሮች አውጥቶልናል። ስለዚህ ሳህኑ ላይ ያስቀመጥነው ነገር እሳቸው ከሚጠጡት ጋር የሚጋራው ተክሉን ነው። ከዚያ በላይ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ እዚህ ጋ ድስቱ ነው።

ባዶው ረድፍ

ተመልሼ ሻዩን ፈተንኩት። ልክ እሳቸው እንደነገሩኝ አፈላሁት፣ ከደንኩት፣ አቀዘቀዝኩት። ወረቀቷን ነክሬ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ ሳህን ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ሌላው ላይ ኢ. ኮላይ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አሉ። በ37 ዲግሪ አሳደርኩት። ጠዋት ከፍቼ ሳየው በሻዩ ወረቀት ዙሪያ ምንም ቀለበት የለም። ባክቴሪያው ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። በሜታኖሉ ወረቀት ዙሪያ ቀለበቱ እንደቀድሞው አለ። ለማነጻጸር ባስቀመጥኩት ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ዙሪያ ደግሞ ሰፊ ቀለበት አለ።

ሥራዬን የሚከታተል አንድ ሰው ሰንጠረዡን አይቶ «ይህችን ረድፍ አውጫት» አለኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዜሮ የሞላበት ረድፍ ሥራውን ደካማ ያስመስለዋል፤ ጆርናሎችም አይወዱትም። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጠው እሱ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ቦታ የሚሰማ ነው። እኔ ግን ከሠራሁት ሁሉ ዋጋ ያለው ያ ረድፍ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው አፉ ውስጥ የሚያስገባውን ነገር የፈተንኩት እዚያ ረድፍ ላይ ብቻ ነው። አላወጣሁትም።

ዜሮው ምን ማለት እንደሆነ ግን ቶሎ አልታየኝም። መጀመሪያ ያደረግኩት ሒሳብ መሥራት ነው። ሜታኖል ያወጣውን ነገር በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም አድርጌ አሟሟሁት፤ ከዚያ 10 ማይክሮ ሊትር ወረቀቷ ላይ አደረግሁ። ይህ 1 ሚሊ ግራም ወይም 1,000 ማይክሮ ግራም ነው። ጎኑ የተቀመጠው የጄንታማይሲን ወረቀት የያዘው 10 ማይክሮ ግራም ነው። መቶ እጥፍ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰፊው ቀለበት ግን የጄንታማይሲኑ ነው። አሁን ወደ ሻዩ ኑ። ሁለት ግራም ቅጠል በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ብንል፣ ቅጠሉ እንዳለ ቢሟሟ እንኳ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ነው። ደግሞ እንዳለ አይሟሟም። ሳህኑ ላይ ያለው ባክቴሪያም ቀላል ጦር አይደለም፤ ሲዘራ በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ 150 ሚሊዮን ተደርጎ ነው። በዚያ ላይ ዘይት ባክቴሪያው በሚያድግበት፣ አጋር በሚባለው ጄል ውስጥ እንደልቡ አይሰራጭም። ስለዚህ ቀለበት አለመኖሩ ሻዩ ውስጥ ምንም የለም ማለት አይደለም። በዚያ መጠን፣ በዚያ መንገድ፣ ያንን ባክቴሪያ አላስቆመም ማለት ነው። ሜታኖሉ ላይ የታየው ቀለበትም የሚናገረው እንዲሁ በልኩ ነው።

ከሒሳቡ በኋላ የመጣብኝ ሐሳብ የበለጠ ያዘኝ። ጉንፋን እኮ የቫይረስ ነገር ነው። እኒያ እናት ጦስኝ የሚጠጡት ጉሮሯቸው እንዲለሰልስና አክታው እንዲወጣ፣ ሳሉም እንዲቀልላቸው ነው። «ባክቴሪያ ይገድልልኛል» አላሉኝም። ያንን ጥያቄ ያመጣነው እኛ ነን። ያመጣነውም ሳህንና ወረቀት ስላለን ነው። አውሮፓ ውስጥ የጦስኝን ዘመድ፣ የእነሱን ቲመስ፣ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ከጉንፋን ጋር ለሚመጣ አክታ ላለው ሳል በባህላዊ መድኃኒትነት ይቀበለዋል። መሠረቱ ሰዎች ለረጅም ዘመን ተጠቅመውበት መቆየታቸው ነው። በእኛ አገር በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ የእናቶችን ረጅም ዘመን ትተን ሳህኑ ላይ ቀለበት ካላየን አናምንም።

ይህን የምለው የባክቴሪያ ምርመራ ይቅር ለማለት አይደለም። እንዲያውም ያስፈልገናል። በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል ተብሎ ተገምቷል። አዲስ መድኃኒት የሚሆን ነገር ከየትም ይፈለግ፤ ከደጋችንም ይፈለግ። ግን አዲስ መድኃኒት ፍለጋ አንድ ሥራ ነው። የእናቶችን መድኃኒት መፈተን ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ ርዕስ ስናጠቃልላቸው ነው ችግሩ የሚመጣው።

የአጠቃቀሙን መንገድ የተከተሉ ሰዎች ምን እንዳገኙ እናውቃለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያገኙት ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አይተው ነው። ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቀንድ አውጣው ደግሞ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። ያዩት እንዶዱን በውሃ ውስጥ፣ በሥራ ላይ እንዳለ ነው። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩም እንዲሁ ናቸው። የወባ መድኃኒት ከአንድ ቅጠል ሲፈልጉ ውጤቱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የሕክምና ጽሑፍ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ነክሮ ጨምቆ መጠጣት እንደሚገባ ይናገራል። መቀቀል የሚል የለበትም። ሙቀቱ ይሆን የሚያጠፋው ብለው በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ኢተር አወጡት። ያ በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። አርቴሚሲኒን የተገኘው እንዲህ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። እንግዲህ አስቡት። መልሱ የነበረው አሠራሩን በሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። እኛ ወደ መግቢያችን ስናስገባ የምንቆርጠው እሱን ዓይነቱን ነው።

ወይን ጠጁ ሲጠፋ

የአንቲኦክሲዳንቱ ፈተና ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበረው። ዲፒፒኤች የሚባል ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ኬሚካል አለ። ራሱ ነጻ ራዲካል፣ ማለትም ያልተረጋጋና ከሌላው ጋር ቶሎ የሚዋሃድ ሞለኪውል ነው። አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ደግሞ እንዲህ ያለውን የሚያረጋጋ ነገር ነው። አንቲኦክሲዳንት ያለበት ነገር ሲጨመርበት ወይን ጠጁ እየጠፋ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ጨለማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይና በ517 ናኖ ሜትር ይለካል። ማነጻጸሪያው ብዙ ጊዜ ቫይታሚን ሲ ነው። እዚህ ጋ ሻዩ አላሳፈረም። ወይን ጠጁን ደህና አድርጎ አጠፋው። እንደ ሮዝማሪኒክ አሲድ ያሉትን፣ ፖሊፌኖል የሚባሉ የተክል ውህዶች ሙቅ ውሃ ያወጣቸዋል፤ እነሱ ናቸው የሚሠሩት።

ደስ አለኝ። ለእሳቸው የምነግረው ጥሩ ወሬ አገኘሁ ብዬ ነበር። ግን አንድ ነገር ይዞኝ ቆመ። ቡናም ወይን ጠጁን ያጠፋዋል። ቀይ ሽንኩርትም ያጠፋዋል። ሰውነታችን ውስጥ ደግሞ ዲፒፒኤች የሚባል ነገር የለም። ቱቦ ውስጥ ቀለም የለወጠ ነገር አንጀት አልፎ፣ ጉበት አልፎ፣ ደም ውስጥ ምን ያህሉ ይደርሳል? የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ምግቦችን በአንቲኦክሲዳንት አቅማቸው የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ነበረው። በ2012 እ.ኤ.አ. ከድረ ገጹ አነሳው። ኩባንያዎች ቁጥሩን ለማስታወቂያ እየተጠቀሙበት ነበር፤ ቁጥሩ ግን በሰው ጤና ላይ ምን እንደሚያመጣ አይናገርም።

ከዚያም የባሰ አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ በሆኑ አጫሽ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ቤታ ካሮቲን የሚባለውን አንቲኦክሲዳንት በኪኒን መልክ የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ይቀንሳል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። በ18 በመቶ ጨመረ። ይህን ቁጥር ካነበብኩ ወዲህ «አንቲኦክሲዳንት ስለሆነ ጥሩ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከብዕሬ አልወጣም።

እሽጉ ላይ የሚጻፈው

ይህ ሁሉ የላብራቶሪ ሰዎች ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልጽፈውም ነበር። ግን ከላብራቶሪ ይወጣል። ባዛር ላይ የታሸገ ጦስኝ አየሁ። «ፀረ ባክቴሪያና አንቲኦክሲዳንት መሆኑ በሳይንሳዊ ጥናት የተረጋገጠ» ይላል። ውሸት አይደለም። ጥናቶች አሉ። ግን የተረጋገጠው ሜታኖል ያወጣው ወይም ተነጥሎ የወጣው ዘይት ነው። የታሸገው ደረቅ ቅጠል ነው። ገዢው ቤቱ ወስዶ ክፍት ድስት ላይ ያንተከትከዋል። የእኛ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሰው ጋ ዞሮ ሌላ ነገር ሆኖ ይደርሳል።

በጣም የሚያሳስበኝ የግፊት ነገር ነው። ብዙ ሰው ጦስኝን ለግፊት ይጠጣል። በአይጥ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ጦስኝ ሽንት የማብዛትና ግፊት የመቀነስ ጠባይ እንዳለው አሳይተዋል። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው። ግን አይጥ ላይ የታየ ነገር ለሰው ስንት ስኒ ማለት እንደሆነ አይነግረንም። ጦስኝ ጀመርኩ ብሎ ኪኒኑን ያቆመ ሰው አደጋ ላይ ነው። ኪኒኑንም ጦስኙንም አብሮ እየወሰደ ለሐኪሙ ያልተናገረም እንዲሁ። ሐኪሙ ያዘዘለት ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ተደርበው ሊያዳክሙት ይችላሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ዘንድሮ ሰው የሚደብቀው በሽታውን ሳይሆን ቤት ውስጥ የሚጠጣውን ነው። ስለሚያፍር ይደብቃል። ሐኪሞቻችንም ሳይቆጡ ቢጠይቁ ብዙ ይሰማሉ።

ለሚቀጥለው ተማሪ

አሁን የባህል መድኃኒት ላይ ቴሲስ የሚጀምር ተማሪ ሲያማክረኝ የምጠይቀው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ቅጠሉ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? ስንት ጭብጥ በስንት ስኒ? ይፈላል ወይስ ይነከራል? ይከደናል? ስንት ሰዓት ይቆያል? ከምን ጋር ይጠጣል? ማን አይጠጣውም? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ እናቶች ብዙ ያውቃሉ፤ ለነፍሰ ጡር የማይሰጡትን ለይተው ይነግሯችኋል። ይህ ሁሉ የአሠራር ክፍሉ ውስጥ ይግባ፤ መግቢያው ላይ አይቅር። ከሜታኖሉ ጎን አንድ ረድፍ ሰዎቹ በሚያዘጋጁበት መንገድ ለተዘጋጀው ይተው። ዜሮ ከወጣ ዜሮ ይጻፍ።

ደግሞ ከሥሩ አትንቀሉት። ጦስኝ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው። ከነሥሩ ተነቅሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ለናሙና የሚወጣ ተማሪ ጫፍ ጫፉን በመቀስ ይቁረጥ።

አንድ የቀረ ሥራ አለ፤ ማንም ቢወስደው ደስ ይለኛል። ከአንድ ቦታ የተለቀመ አንድ ዓይነት ጦስኝ፣ እኩል ውሃ፣ እኩል ደቂቃ። አንዱ ድስት ተከድኖ፣ አንዱ ክፍት ሆኖ። ከሁለቱም ሻይ ተወስዶ ካርቫክሮሉና ቲሞሉ በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም የሚተኑ ነገሮችን ለያይቶ በሚለካ ማሽን፣ ይለካ። ወጪው ከባድ አይደለም፤ ማሽኑም አገር ውስጥ አለ። እንፋሎቱን ለሚታጠኑትም ለብቻው ይለካላቸው። ውጤቱ ሲወጣ የመጀመሪያው ኮፒ ደብረ ሲና መንገድ ዳር ይድረስ።